ሆላንድ ገጠር ውስጥ ሦስት ቀን፦ ጫካ፣ ሳይክልና ቫን ጎግ ባንድ ላይ

ሆላንድ ዘመድ ጋ እንግዳ ሲመጣ የሚወሰድበት መንገድ የታወቀ ነው፤ አምስተርዳም፣ ቦዩ ላይ በጀልባ፣ ከዛ የነፋስ ወፍጮ ጋ ፎቶ፣ ሚያዝያ ላይ ከሆነ ቱሊፕ፣ አለቀ። እኔ ግን እንግዳ ይምጣም አይምጣም በዓመት አንዴ ቤተሰቤን ይዤ የምሄደው ደ ሆኸ ፌሉወ ነው፣ ከአርነም ከተማ በላይ ያለው፣ ውስጡ ክሮለር ሙለር የሚባል የሥዕል ሙዚየም ያለበት ትልቁ ፓርክ። ብዙ ሰው "እንዴት ነው የሚኬደው፣ ምን ይዤ ልሂድ" እያለ ስለሚጠይቀኝ እዚህ በደንብ ልጻፈው። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር፦ ደርሳችሁ ልትመለሱ አትሂዱ። ጠዋት ከሮተርዳም ወይ ከዴንሃግ ተነስቶ ማታ መመለስ ይቻላል፣ ግን ሙዚየሙን ስታዩ ጫካው ይቀራል፣ ጫካውን ስትሉ ሙዚየሙ ይዘጋል፣ ልጆቹም ይደክማሉ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ፣ ሦስት ከሆነማ በጣም ጥሩ።

ጫካና የሥዕል ሙዚየም እንዴት አንድ ግቢ ውስጥ ተገናኙ ለምትሉ፣ ነገሩ የባልና ሚስት ታሪክ ነው። አንቶን ክሮለር የሚባል ሀብታም ነጋዴ አደን ይወድ ስለነበር በፈረንጅ ከ1909 ጀምሮ እዚያ አካባቢ መሬት እየገዛ ማጠር ጀመረ፣ የዱር በግ ሳይቀር ከሜዲትራኒያን ደሴቶች አስመጣ። ሚስቱ ሄለነ ክሮለር ሙለር ደግሞ ሥዕል ትሰበስባለች፣ በተለይ የሆላንዱን ሠዓሊ የቫን ጎግን፣ ያኔ ገና ዓለም እንደ ዛሬው ሳይሻማበት ማለት ነው። ከዛ የኢኮኖሚ ቀውሱ መጣና ንብረታቸው አደጋ ላይ ሲወድቅ በ1935 ስብስቡን ለመንግሥት ሰጡ፣ በምላሹ ሙዚየም እንዲሠራለት፣ መሬቱ ደግሞ በፋውንዴሽን ስር ተጠብቆ እንዲቆይ ተደረገ። ሙዚየሙ በ1938 ተከፈተ፣ እሷ በዓመቱ አረፈች። ሁለቱም የተቀበሩት እዚያው ፓርኩ ውስጥ ነው። ይሄን ማወቅ ለጉዞው ይጠቅማል፣ ምክንያቱም የእሷ ሐሳብ ሰው ተፈጥሮውን አልፎ መጥቶ ሥዕሉን እንዲያይ ነበር። በመኪና ሙዚየሙ በር ድረስ ሄዶ ገብቶ የሚወጣ ሰው ግማሹን አላየም።

መቼ ይኬድ? ለእኔ ሁለት ጊዜ አለ። አንደኛው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ እንቁጣጣሽ አካባቢ ነው፣ ሜዳው በሙሉ ሐምራዊ ይሆናል። እነሱ ሃይደ የሚሉት አጭር ቁጥቋጦ ነው የሚያብበው፣ ሰሜን ወይም ባሌ ተራራ የወጣችሁ አስታን ታውቁታላችሁ፣ የእሱ ዘመድ ነው፣ ቅጠሉን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ይገባችኋል። ልዩነቱ የኛ አስታ ዛፍ ያክላል፣ ይሄ ግን ከጉልበት አያልፍም። ሁለተኛው ጊዜ መስከረም ነው፣ የአጋዘኖቹ የመራቢያ ወቅት፣ ወንዱ ማታ ማታ ሲያገሳ ከሩቅ ይሰማል። ነሐሴ ላይ የምትሄዱ ፍልሰታ እንዳለ አስታውሱ፣ የመንደር ሬስቶራንት ላይ ጾም ነኝ ከማለት ቪጋን ነኝ ማለቱ ይቀላል፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የትምህርት ቤት እረፍት ስለሆነ ቤት ይወደዳል፣ ልጅ የሌላችሁ መስከረም ላይ አድርጉት።

ማደሪያ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልንገራችሁ። ፓርኩ ዙሪያውን የታጠረ ነው፣ መግቢያው ደግሞ ሦስት ብቻ፦ በምዕራብ ኦተርሎ፣ በሰሜን ምሥራቅ ሁንደርሎ፣ በደቡብ ስኻርስበርኸን። ስለዚህ ማስታወቂያ ላይ "ከፓርኩ አጠገብ" የሚል ቤት ስታዩ አትቸኩሉ፣ ካርታ አውጡና ከቤቱ እስከ በሩ ያለውን ርቀት ለኩ። እኛ አንዴ እንዲህ የተባለ ቤት ተከራይተን በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን አጥሩን እናየዋለን፣ በሩ ጋ ለመድረስ ግን በየቀኑ ከሁለት ትናንሽ ልጆች ጋር ረጅም ዙር መዞር ነበረብን፣ ግማሹ ጉልበታችን ገና ሳንገባ አለቀ። መጀመሪያ ለሚሄድ ሰው ኦተርሎ ይሻላል፣ መንደሩ ከበሩ አጠገብ ነው፣ በሩም ለሙዚየሙ ቅርብ ነው። ሁንደርሎም ጥሩ ነው፣ ድንኳን ለምትወዱ እዚያ መግቢያ ጋ የፓርኩ የራሱ ካምፒንግ አለ። ስኻርስበርኸን ለአርነም ይቀርባል ግን ከሙዚየሙ ሩቅ ነው፣ ረጅም መንዳት ለሚወድ ሰው ብቻ።

ቤት ስትይዙ ሌላ የምትጠይቁት፦ አንሶላና ፎጣ ዋጋው ውስጥ አለ ወይ (ብዙ ጊዜ የለም፣ ይዞ መሄድ ነው)፣ የጽዳት ክፍያ ስንት ነው፣ የቱሪስት ግብር በሰው በሌሊት ስንት ይጨመራል። መጨረሻ ላይ ሲደመር ከታየው ዋጋ ይርቃልና ድምሩን አይታችሁ አወዳድሩ። አስቤዛውን ደግሞ ቅዳሜ ጨርሱ፣ እዚያ አካባቢ ሰዉ ሃይማኖተኛ ነው፣ እሁድ ሱቅ የማይከፍቱ መንደሮች ብዙ ናቸው። እኔ ይሄ ያስደስተኛል እንጂ አያስከፋኝም፣ እሁድ ጠዋት ደወል ይሰማል፣ ሰው ለብሶ በእግሩ ቤተክርስቲያን ሲሄድ ይታያል፣ አገር ቤት ገጠር ያለሁ ይመስለኛል።

መኪና ለሌላችሁ በባቡር ኤደ ቫኸኒንኸን፣ አፐልዶርን ወይም አርነም መውረድና ከዛ አውቶቡስ መያዝ ነው። ከአምስተርዳም እስከ ኤደ ባቡሩ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የአውቶቡሱን ሰዓት ግን በመሄጃችሁ ቀን 9292 በሚባለው አፕ እዩት፣ ገጠር ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ ይቀንሳል፣ ማታ ደግሞ ቀድሞ ያቆማል፣ የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

ቲኬት ሁለት ነው፦ የፓርኩ ለብቻ፣ የሙዚየሙ ለብቻ። የሙዚየም ካርድ (በዓመት አንዴ ተከፍሎ ብዙ ሙዚየም የሚገባበት) ያላችሁ ሙዚየሙን በነፃ ትገባላችሁ፣ የፓርኩን ግን ትከፍላላችሁ፣ ይሄን ሳያውቁ በር ላይ የሚከራከሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሁለቱንም ኦንላይን ቀድሞ መግዛት ነው። መኪና ይዞ ፓርኩ ውስጥ ለመግባት ሌላ ክፍያ አለ፣ እኔ አልመክርም፣ በሩ ጋ አቁሙና በሳይክል ግቡ። ሙዚየሙ ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው! ፓርኩ ግን በየቀኑ ክፍት ነው፣ የሚዘጋበት ሰዓት ብቻ እንደ ወሩ ይለያያል። ስለዚህ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ የምትቆዩ ከሆነ ሰኞን ለጫካው አድርጉት።

አሁን ሳይክሉ። በሩን አልፋችሁ እንደገባችሁ ነጭ ሳይክሎች በረድፍ ተደርድረው ታገኛላችሁ፣ ወደ 1,800 ገደማ አሉ፣ ከ1974 ጀምሮ ያለ አሠራር ነው፣ ከመግቢያው ሌላ ምንም አይከፈልበትም፣ መታወቂያም አያስይዙም። ልክ የሚሆናችሁን ትመርጣላችሁ፣ የልጅ አለ፣ ከኋላ የሕፃን ወንበር ያለው አለ፣ እንደልብ መንቀሳቀስ ለሚከብደው ሰው ልዩ ሳይክል አስቀድሞ ማስያዝ ይቻላል። ከፓርኩ ውጪ ግን ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ቁልፍ የለውም፣ ሙዚየሙ ጋ አቁማችሁ ስትወጡ ያንኑ ላታገኙት ትችላላችሁ፣ ሌላ ሰው ወስዶት ሄዷል፣ እናንተም ሌላ ትወስዳላችሁ፣ ማንም ምንም አይልም። ስለዚህ ሳይክሉ ላይ ቦርሳ፣ ጃኬት፣ ውሃ፣ ምንም ትታችሁ አትሂዱ። ልጄ አንዴ የወደደችውን ሳይክል ሰው ወሰደባት ብላ አለቀሰች፣ ከዛ በኋላ ጠዋት ሳንገባ እነግራታለሁ፣ ይሄ የሁሉም ነው፣ ስንወርድ ሰላም ብለን እንተወዋለን ብዬ።

ስትመርጡ አትቸኩሉ። ጎማውን በአውራ ጣት ጫን አድርጉ፣ ለስለስ ካለ ተዉት፣ ኮርቻው ላይ ቁጭ ብላችሁ የእግር ጣታችሁ መሬት መንካቱን እዩ፣ ጥቂት ሜትር ነድታችሁ ሰንሰለቱ ይንቋቋ እንደሆነ ስሙ። ትልቁ ነገር ደግሞ ፍሬኑ ነው። እጀታው ላይ ፍሬን ፈልጋችሁ አታገኙም፣ የሚቆመው ፔዳሉን ወደኋላ ስትረግጡ ነው። አዲስ አበባ በእጅ ፍሬን የተማረ ሰው መጀመሪያ ቁልቁለት ላይ እጁ ባዶ ሲጨብጥ ይደነግጣል፣ እና ከመሄዳችሁ በፊት ሜዳው ላይ አምስት ስድስት ጊዜ እየነዱ መቆምን ተለማመዱ። ሌላው ለመነሳት ፔዳሉን ወደኋላ አዙሮ ለእግር ማመቻቸት አይቻልም፣ ይቆልፋል፣ ሳይክሉን በእጃችሁ ትንሽ ወደፊት ገፋ ስታደርጉት ፔዳሉ ከፍ ይላል፣ ያኔ ረግጣችሁ ትነሳላችሁ። ማርሽም የለውም፣ ፓርኩ ግን ብዙም ዳገት የለውም፣ ነፋሱ ነው ዳገቱ። ክፍት ሜዳው ላይ ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣባችሁ ጎንበስ ብሎ ቀስ ማለት ነው።

በተለይ ለእህቶቻችን አንድ ነገር ልበል። አድገው የመጡ ብዙ ሐበሻ ሴቶች ሳይክል የመንዳት ዕድል አላገኙም፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ ትራሙ፣ መኪናው፣ የቸኮለው ሰው ያስፈራል። ባለቤቴ የለመደችው እዚህ ነው። ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የሳይክል መንገድ አለ፣ አብዛኛው ከመኪና መንገድ የተለየ፣ ለጥ ያለ፣ ከኋላ የሚያጣድፍ የሌለው። የመጀመሪያው ቀን ኮርቻውን ዝቅ አድርገንላት ፔዳሉን ሳትነካ በእግሯ መሬቱን እየገፋች ብቻ ሄደች፣ ባላንሱ ሲመጣላት እግሯን ማንሳት ጀመረች፣ በሦስተኛው ቀን ከኦተርሎ በር ሙዚየሙ ድረስ ነዳች። ፊቷን ብታዩት! አሁን ሥራ የምትሄደው በሳይክል ነው። ማህበረሰብ ያላችሁ፣ ሴቶች ሰብስባችሁ አንድ ቅዳሜ እዚህ ውሰዷቸው፣ በእውነት ነው የምለው።

ከፓርኩ ውጪ የምትነዱ ከሆነ የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ ወይ መንደር ውስጥ ተከራዩ። መንገድ የሚፈለገው በቁጥር ነው፣ እያንዳንዱ መገናኛ ላይ ነጭ ላይ አረንጓዴ ቁጥር አለ፣ የምታልፉባቸውን ቁጥሮች ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ጽፋችሁ መከተል ብቻ ነው። እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ከ2019 ጀምሮ ያስቀጣልና ወረቀቱ ይሻላል።

ወደ ሙዚየሙ እንምጣ። ከአምስተርዳሙ የቫን ጎግ ሙዚየም ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛው ትልቁ የቫን ጎግ ስብስብ ያለው እዚህ ጫካ ውስጥ ነው፣ ወደ 90 የሚጠጉ የቀለም ሥዕሎችና ከ180 በላይ ንድፎች። ሁሉም ባንዴ አይሰቀሉም፣ አንዳንዱ ለሌላ አገር ሙዚየም በውሰት ይሄዳል፣ ስለዚህ የግድ ማየት የምትፈልጉት ሥዕል ካለ ድረገጹ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። የኔ ምክር ሙዚየሙን ለሁለት ቀን መክፈል ነው፣ በተለይ የሙዚየም ካርድ ካላችሁ። ዓይን ይደክማል፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሥዕል ማየት ቀርቶ ማለፍ ብቻ ይሆናል። በር እንደተከፈተ 4 ሰዓት ላይ ግቡ፣ የቫን ጎግ ክፍል ቀጥታ ሂዱ፣ አውቶቡስ ሙሉ ቱሪስት ሳይመጣ። አራት አምስት ሥዕል ብቻ ምረጡና ፊታቸው ቁሙ፣ ከዛ ውጡና ሳይክል ንዱ፣ ሌላውን ነገ።

ምን ይመረጥ ካላችሁኝ፣ መጀመሪያ የድንች በሊታዎቹ ሥዕል። በ1885 ኑነን የሚባል ከአገሩ በስተደቡብ ያለ ገጠር ሲኖር የሣለው ነው፣ የመጨረሻው ቅጂ አምስተርዳም ነው ያለው፣ እዚህ ያለው ከሱ ትንሽ ቀደም ብሎ የሠራው ነው። እናቴን ለጉብኝት ስትመጣ ወስጃት ነበር። ሌላውን ሥዕል ሁሉ ቀስ እያለች አለፈችና እዚህ ላይ ቆመች። ጨለማ ቤት፣ ከላይ የተንጠለጠለ ፋኖስ፣ ገበሬዎች ባንድ ሳህን ድንች ቀርቦላቸው። "ባንድ ላይ ነው የሚበሉት" አለች። ቀጥላ ጎንበስ አለችና በቀኝ በኩል ያለችውን ሴትዮ አየች፣ "ቡና እየቀዳች ነው እኮ።" አዎ፣ ስኒዎቹ ተደርድረዋል፣ ሴትየዋ አንገቷን ደፍታ ትቀዳለች። ቫን ጎግ በደብዳቤው ማሳየት የፈለገው መሬቱን የቆፈሩት እጆች ራሳቸው ሳህኑ ላይ መዘርጋታቸውን እንደሆነ ጽፏል፣ እናቴ ግን ደብዳቤ አላስፈለጋትም፣ እጆቹን ጠቁማ "እነዚህ የሠሩ ናቸው" አለች። ሥዕል አላውቅም የሚል ወላጅ ያላችሁ ከዚህ ጀምሩላቸው።

ከዛ በ1888 ፈረንሳይ አርል ከተማ ላይ የሣለው የማታው ካፌ፣ ቢጫው በረንዳና ኮከቦቹ። ለእህቱ ሲጽፍ ጥቁር ቀለም ሳይጠቀም ሌሊትን እንደሣለ ይነግራታል። ቀረብ ብላችሁ ሰማዩን እዩት፣ ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ይሄን ያየ ሰው ማታ ከፓርኩ ሲወጣ ሰማዩን ቀና ብሎ ሲያይ ሌላ ነገር ነው የሚያየው፣ እኔ እዛ ማደር አለባችሁ የምለው ለዚህም ነው። ሦስተኛ፣ በ1890 የሣለው ፊቱን በሁለት እጁ የሸፈነ ሽማግሌ፣ በሞተበት ዓመት ማለት ነው። እሱ ጋ ብዙ አላወራም፣ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ከቫን ጎግ ሌላ የሞንድሪያን፣ የሱራ፣ የፒካሶ ሥራዎች አሉ፣ ለሁለተኛው ቀን ተዉአቸው።

ከውስጥ ስትወጡ የቅርጻ ቅርጽ ግቢው አለ፣ 25 ሄክታር፣ በ1961 የተከፈተ። ልጆች ያላችሁ እዚህ ታርፋላችሁ። ኩሬው ላይ የማርታ ፓን ነጭ ቅርጽ ተንሳፍፎ ነፋሱ ባዞረው ቁጥር ይዞራል፣ የዱቡፌ ሥራ ደግሞ ነጭ ላይ ጥቁር መስመር የተሰመረበት ትልቅ አርቲፊሻል ግቢ ነው፣ በደረጃ ወጥቶ ላዩ ላይ መሄድ ይፈቀዳል፣ ልጆቼ ከሙዚየሙ ሁሉ የሚያስታውሱት እሱን ነው። በዝናብና በክረምት ያንሸራትታልና ይዘጉታል። ሌሎቹን ቅርጾች መንካት የማይፈቀድ ብዙ ነው፣ ምልክቱን እዩ።

ምሳ ይዛችሁ ግቡ። ፓርኩ መሃል ሬስቶራንት አለ፣ ግን እኛ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በቴርሞስ ቡና ይዘን ጥድ ስር ነው የምንበላው። ከሰዓት በኋላ ወደ አሸዋው ንዱ። መሃል አገር ላይ ባሕር የሌለበት የአሸዋ ሜዳ ስታዩ ግራ ትጋባላችሁ፣ የሰው ሥራ ነው። ድሮ በጎች ከልክ በላይ ጋጡት፣ ገበሬው ደግሞ የሣሩን ቅርፊት እየገፈፈ ለማዳበሪያ ወሰደው፣ አፈሩ ሲራቆት አሸዋው በነፋስ መሄድ ጀመረ። የሃይደው ሜዳም እንደዛው ነው፣ በግጦሽ የተፈጠረ፣ ዛሬ ዛፍ እየነቀሉ ካልጠበቁት ጫካ ይሆናል። ወሎ ላይ የተራቆተ ተራራ እያየሁ ስላደግኩ ይሄን ሳውቅ ብዙ አሰብኩ።

አጋዘን ለማየት ጨለም ሲል መጠበቅ ነው፣ ቀን ላይ ጫካ ውስጥ ይተኛሉ። ፓርኩ ያዘጋጃቸው ማያ ቦታዎች አሉ፣ ካርታው ላይ ምልክት አላቸው፣ ፀሐይ ከመግባቷ ከአንድ ሰዓት በፊት ደርሳችሁ ዝም በሉ፣ ባይኖኩላር ያለው ሰው ይያዝ። መውጫ ሰዓቱን ግን አስሉ፣ እስከ በሩ የምትነዱበትን ጊዜ ጨምራችሁ። ባለፉት ዓመታት ተኩላም ገብቷል፣ የዱር በጎቹን በጣም አሳንሷቸዋል፤ በር ላይ የተለጠፈውን ማሳሰቢያ አንብቡ፣ ልጆችን ከአጠገባችሁ አታርቁ፣ ካያችሁት አትጠጉት አትሩጡም።

እና መዥገር! ይሄን ማንም አይነግራችሁም። እዚያ አካባቢ መዥገር ብዙ ነው፣ ላይም የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ካልሲውን ሱሪው ላይ አውጡት፣ ማታ ማታ ሻወር ስትወስዱ ራሳችሁንም ልጆቹንም ፈትሹ፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጆሮ ጀርባና ፀጉር ስር። እንደ ሰሊጥ ፍሬ ያንሳል፣ ጠቃጠቆ ይመስላል። ካገኛችሁ በመንቀያው (ድሮጊስት የሚባለው የመድኃኒትና የንጽሕና ዕቃ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል) ቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀስ ብሎ መሳብ ነው፣ ዘይትም አልኮልም ቀድማችሁ አታፍስሱበት። ቀኑን ጻፉ፣ በቀጣዮቹ ሳምንታት ቀይ ክብ እየሰፋ ከመጣ ወይም ትኩሳት ከያዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት የአደን ቤቱን ጨምሩ፣ ሲንት ሁበርቱስ ይባላል፣ በርላኸ የሚባለው አርክቴክት ለባልና ሚስቱ የሠራው፣ ከላይ ሲታይ የአጋዘን ቀንድ ቅርጽ አለው። ቅዱስ ሁበርቱስ ሲያድን በቀንዶቹ መሃል መስቀል ያለበት አጋዘን ታይቶት ሕይወቱ የተለወጠ አዳኝ ነው፣ ቤቱ በሙሉ ያንን ታሪክ ይዞ ነው የተሠራው። ውስጡን የሚያዩት ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ስለሆነ ቦታ ቀድማችሁ ያዙ፣ ካላገኛችሁም ግንቡን ከኩሬው ማዶ ሆኖ ማየት በቂ ነው። ቀኑን ሙሉ ከዘነበ ደግሞ አርነም ያለው ክፍት አየር ሙዚየም (ኦፐንሉኽት ሙዚየም) ሂዱ፣ ከየክፍለ ሀገሩ ነቅለው ያመጧቸው የድሮ ገበሬ ቤቶች አሉ። ትላልቆቹ ጭቃ ወለልና ከብት ከሰው ጋር የሚያድርበት ቤት ሲያዩ ለልጆቹ ብዙ የሚነግሩት ነገር ይኖራቸዋል፣ ልጆቹ ሲሰለቹ ደግሞ ግቢውን የሚዞር የድሮ ትራም አለ።